በ68 ዓመት ተማሪ መሆን

ከጡረታ በኋላ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ባሕር የሚሻገር ሰው መጀመሪያ የሚገባበት እንግዳ አገር የሥልጠናው ክፍል ነው። የኋላው ፕሬዚዳንት የጂሚ ካርተር እናት ሊሊያን ካርተር እ.ኤ.አ. በ1966፣ በ68 ዓመታቸው፣ ከጆርጂያ ገጠር ተነሥተው ለአሜሪካ የሰላም ጓድ ሥልጠና ቺካጎ ገቡ። በዚያ ዘመን አብዛኛው የሰላም ጓድ አባል ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ነበር። እሳቸው ግን ሥልጠናውን ጨርሰው ቦምቤይ አጠገብ፣ ቪክሮሊ ክሊኒክ ውስጥ በነርስነት አገለገሉ።

በእንዲህ ያለ ክፍል ወጣቱ ቋንቋ ቶሎ ይይዛል፤ አረጋዊው ናፍቆትን መቻል ያውቃል። ስለዚህ “እማማ” ወይም “አባባ” ተብለው ወንበር እስኪለቀቅልዎ አይጠብቁ፤ ቀድመው ይተዋወቁ። መድኃኒትዎን በስንት ሰዓት እንደሚወስዱ ለአጠገብዎ ሠልጣኝ ይንገሩት፤ የሱንም ጭንቀት ይስሙ። በሰው አገር ሲያምዎ ልጆችዎ ሩቅ ናቸው፤ በርዎን ቀድሞ የሚያንኳኳው እሱ ሊሆን ይችላል።