ጨረሩስ ይሁን፣ አዳሩስ?

ስለ ካንሰር ሆስፒታል ወሬ ሲነሳ ሁላችንም የምንጠይቀው ስለ ማሽን ነው። «ገባ ወይ? ይሠራል ወይ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። አገር ሙሉ ለዓመታት የጥቁር አንበሳን አንድ የጨረር ክፍል ደጅ ሲጠና ኖሯል፤ ያውም በኮባልት በሚሠራ የጨረር ማሽን። ኮባልት ደግሞ በ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ጉልበቱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ባረጀ ቁጥር ታማሚው ያንኑ መጠን ለማግኘት ብዙ ደቂቃ መተኛት አለበት። ወረፋውን እናንተው አስቡት። ዛሬ ጅማና ሐረርም ጨረር ይሰጣል፤ እሰየው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን አዳሩ ነው። ጨረር ብዙውን ጊዜ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለ5 ወይም 6 ሳምንት ይሰጣል። ማሽኑ ሥር የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው። የማኅፀን በር ካንሰር ይዟት ከገጠር የመጣች እናት በቀረው ሰዓት የት ትሁን? ተመላላሽ ስለሆነች አልጋ አይሰጣትም። ሆዷ ላይ በቀለም የተሰመረው ምልክት እንዳይለቅባት እየተጠነቀቀች፣ የዘመድ ቤት ወለል ላይ ታድራለች። ዘመድ ካላት።

የደም ካንሰር የያዘው ልጅ ደግሞ ይብሳል። በልጆች ላይ የሚበዛው የሉኪሚያ ዓይነት ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። ከመጀመሪያው ወር መድኃኒት በኋላ ግን ልጁ ብዙ ጊዜ ነፍስ ይዘራል። ትኩሳቱ ይጠፋል፣ ድዱ መድማቱን ይተዋል፣ እንጀራ አምጡ ይላል። ሲመረመርም በሽታው አይታይም። አባት «ተመስገን፣ ዳነልኝ» ይላል። እርሻው ጦም ሊያድር ነው፣ ገንዘቡ አልቋል፣ ሌሎቹ ልጆች ጎረቤት እጅ ናቸው። ይዞት ወደ አገሩ ይገባል። የተደበቁት ሴሎች ከወራት በኋላ ሲያገረሹ ግን መድኃኒቱ እንደ መጀመሪያው አይበግራቸውም። በሀብታም አገሮች እንዲህ ከታመሙ 10 ልጆች 9ኙ ገደማ ይድናሉ። እኛ ዘንድ ቁጥሩን ከሚያወርዱት ነገሮች አንዱ ይሄ ማቋረጥ ነው። አባትየውን «ቸልተኛ» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ነገሩ ቀድሞ የገባቸው ወላጆች ናቸው። አቶ ወንዱ በቀለ ትንሹን ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ ከባለቤታቸው ጋር በስሙ ማኅበር አቋቋሙ፤ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን። ተስፋ አዲስ የተባለው ማኅበርም ካንሰር የያዛቸው ልጆች ወላጆች ያቆሙት ነው። ሁለቱም ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ ይሰጣሉ። ለእኔ ይሄ ምጽዋት አይደለም፣ ራሱ ሕክምና ነው፤ በጀቱም ከመድኃኒቱ ጋር መያዝ ነበረበት።

ስለዚህ አዲስ ማዕከል ሲመረቅ ማሽኑ ፊት ፎቶ የሚነሱትን ባለሥልጣናት የምጠይቀው ሌላ ነው። ማረፊያው ስንት አልጋ አለው? ልጁ በቀጠሮው ቀን ሲቀር የሚደውል ሰው ተቀጥሯል ወይ? አባትየው ስልክ ከሌለውስ፣ ካርዱ ላይ የጎረቤት ወይም የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቁጥር ተጽፏል?