የትኛው አኪራ?

የመጀመሪያው አኪራዬ ቶሪያማ ነው። ድራጎን ቦልን ከወንድሜ ጋር ያየነው ኔት ቤት በፍላሽ አስገልብጠን ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 2024 ላይ መሞቱን የሰማሁ ለት ማታ ስልኬ ላይ «አኪራ» ብዬ ጻፍኩ፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ሌሊቱን ወሰደው።

ኩሮሳዋ መጣ፤ ራሾሞን በሚለው ፊልሙ በ1951 ከቬኒስ ወርቃማውን አንበሳ የወሰደው። ኢፉኩቤ መጣ፤ የ1954ቱን የጎድዚላ ሙዚቃ የደረሰው። ዮሺኖ መጣ፤ በሊቲየም አዮን ባትሪ ሥራው በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከሁለት ሰዎች ጋር የተካፈለው። (ስለሱ የማነብበት ስልክ 8 ፐርሰንት ቀርቶት ነበር፣ በዚያው ባትሪ።)

ያስቆመኝ ግን ሌላ ነው። ሰዎቹ ሲጠሩ አንድ ናቸው፣ ሲጻፉ አይደሉም። የኩሮሳዋና የቶሪያማ አኪራ ፀሐይንና ጨረቃን ጎን ለጎን በያዘ ምልክት ይጻፋል፤ ብሩህ ማለት ነው። የዮሺኖው በሌላ ነው፤ ገልጦ ማሳየት ወደሚለው ያደላል። የኢፉኩቤው ደግሞ «ሾዋ» የሚባለው ዘመን ስም የሚጀምርበት ምልክት ነው። ጃፓን ውስጥ ሰው ስሙን ሲነግርህ «በየትኛው ነው የሚጻፈው?» ብለህ ብትጠይቅ ነውር የለውም።

እኔ ሠናይት ነኝ፣ በንጉሡ ሠ። አባቴ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነበር፤ «ሠናይ ግእዝ ነው፣ በእሳቱ ሰ አይጻፍም» ይላል። መታወቂያ ሳወጣ ጸሐፊዋ በእሳቱ ጻፈችው። ተመልሰን እናስተካክል አለኝ። ከኋላችን ሰልፍ ነበር፣ አፈርኩ። «አባዬ፣ ምን ለውጥ አለው? ድምፁ እንደሆነ አንድ ነው» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ አንሥቶት አያውቅም።

የኛ ፊደል እንደነሱ ምልክት ለብቻው ትርጉም አይሸከምም፣ አውቃለሁ። ግን በግእዝ ሠዐለ ሥዕል ሳለ ነው፤ ሰአለ ደግሞ ለመነ። በድምፅ ብቻ ከሄድን ሠዓሊውን ለማኝ እናደርገዋለን። ይሄን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ያኔ ቀልድ መስሎኝ ስቄ አለፍኩት።

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ቴሌግራሜ ላይ የመጨረሻ መልእክቱ አለ። ትዝ ይለኛል፣ «እየጻፈ ነው» የሚለው ለደቂቃ ያህል ቆሞ ነበር፤ ኪቦርዱ ላይ ፊደሏን እየፈለገ ይሆናል። ከዚያ ሁለት ቃል መጣ፦ «ሠናይትዬ፣ ደረስሽ?»