ሱሑርን ያላወቀው ባትሪ



መቻራ ያደግን ልጆች በተራዊሕ መሐል መብራት ሲጠፋ እናውቀዋለን። ድምፅ ማጉያው ጸጥ ይላል፣ የኢማሙ ድምፅ ከፊተኛው ሶፍ አያልፍም፤ ከኋላ ያለነው የጎናችንን ሰው እየተከተልን ሩኩዕ እንወርዳለን። ያኔ ሆን ብሎ የሚያጠፋ ሰው ያለ ይመስለን ነበር።

ኢንጂነሪንግ ስንገባ ነገሩ ሌላ ሆነ። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ሲሆን ምቱ በሴኮንድ 50 ጊዜ መሆን አለበት። ሰው ከሚመነጨው በላይ ሲጠቀም ምቱ ይወርዳል፤ ለተርባይኑ የሚገባው ውኃ እስኪጨመር ሴኮንዶች ያልፋሉ። በጣም ከወረደ ሌላው እንዲተርፍ አንዳንዱ መስመር ይቆረጣል። ባትሪ ግን ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል፤ በደቡብ አውስትራሊያ ሆርንስዴል በ2017 እ.ኤ.አ. የተተከለው የ100 ሜጋዋት ባትሪ ይህን በተግባር አሳይቷል።

ባትሪ ቀድሞ ካልተሞላ ግን ምን ይረባል? መቼ ይሙላ፣ መቼ ይስጥ የሚለውን ካለፈው ፍጆታ ተምሮ የሚገምተው ማሽን ለርኒንግ ነው።

ለመመረቂያ ሥራችን በኮምፒውተር ላይ የራሷ ባትሪ ያላት ትንሽ ከተማ ሠራን። ልኬት ስላልነበረን የቤቶቹን ፍጆታ ከራሳችን ኑሮ ገምተን አስገባን። ፕሮግራሙ ዐሥራ አንዱን ወር ደህና ገመተ። ረመዳን ሲገባ ጉድ ፈላ! ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከተማው ተኝቷል ብሎ ባትሪውን መሙላት ጀመረ፤ እናቶቻችን ለሱሑር ምድጃ በሚያበሩበት ሰዓት። መስመሩ ተጨናንቆ ተቆረጠ።

ጥፋቱ የእኛ ነው። የሰጠነው የፀሐይ አቆጣጠር ብቻ ነበር። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚገባ አምና በዚያ ቀን የተማረው ለዘንድሮ አይሆነውም። መድረሳ ቁጭ ብለን የሂጅራን ወራት የቆጠርን ልጆች ይህን መርሳታችን ያስቃል። የሂጅራውን ቀን ስንጨምርለት ሱሑሩን ያዘው። ዒድ ግን አሁንም ያስቸግራል፤ ወሩ በ29 ይለቅ በ30 ቀድሞ ስለማይታወቅ፣ ለሁለቱም ሌሊት ባትሪው ሞልቶ እንዲጠብቅ አዘዝነው። ፕሮግራሙ ይህን ትእዛዝ መሻር አይችልም።

ደግሞ እንዳናጋንን፦ ባትሪው ሩቅ ከተማ ተቀምጦ ወደ መቻራ የሚመጣው ምሰሶ ቢወድቅ ምንም አይረዳንም። ከእኛው ዘንድ መሆን አለበት።

አሁን የቸገረን እውነተኛ ሰዓት ነው። ከጭሮ፣ ከገለምሶ፣ ከበዴሳ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ቤት ስትገቡ በረመዳን ምድጃ ስንት ሰዓት እንደሚበራና እንደሚጠፋ እናቶቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉልን። ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂዱ በር ላይ አለን።