ብርድ ነው እየተባለ የሚያረጅ ዳሌ

መንዝ ውስጥ ብሽሽቱን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚከስሰው ብርዱን ነው። የጓሳን ንፋስ የቀመሰ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሁሉንም ለብርድ ሰጥተን ስንታጠን ስንታሽ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ዳሌው የሚበላው በዚያ መሀል ነዋ።

የጭን አጥንት ራስ ድቡልቡል ነው፤ ዳሌ ውስጥ ባለ ጎድጓዳ ገብቶ ይዞራል። አንዳንዱ ሰው ላይ ከራሱ ዝቅ ብሎ አንገቱ ላይ ትርፍ አጥንት ያብጣል፤ ሌላው ላይ የጎድጓዳው ጠርዝ ከልኩ አልፎ ይሸፍናል፤ ሁለቱም ያሉበት አለ። እብጠቱ የሚወጣው በአብዛኛው በጉርምስና፣ አጥንት ገና ሲያድግ ነው። በዚያ ዕድሜ ኳስ አብዝተው የተጫወቱ ላይ ይበረክታል። የስዊዘርላንዱ ሐኪም ራይንሆልድ ጋንዝና ባልደረቦቹ እነዚህ አጥንቶች ዳሌ ሲታጠፍ የሚፈጥሩት ግጭት ለመገጣጠሚያው መበላት መነሻ እንደሚሆን በ2003 እ.ኤ.አ. አብራርተው ጽፈዋል።

ቅርጹ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ምንም ሳያማቸው የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ጣጣው ጉልበት ወደ ደረት ሲጠጋ ነው። እንግዲህ ኑሯችንን አስቡት። እናቶቻችን ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ለባናው የበግ ጸጉር ሲፈትሉ ይውላሉ። ገብሱ የሚታጨደው ተጎንብሶ ነው። ሰሙነ ሕማማት ሲደርስ ደግሞ ስግደቱ አለ። እንዲህ ያለ ዳሌ በጥልቅ በታጠፈ ቁጥር አጥንት ከአጥንት ይጋጫል። የጎድጓዳውን ዙሪያ የከበበው ለስላሳ ከንፈር ይሰነጠቃል፤ አጥንቱን የሸፈነው ካርቲሌጅም ከአጥንቱ ይላቀቃል። አንዴ ከተላጠ እንደነበረው አይመለስም።

ሕመሙ ግን አዝጋሚ ነው። መጀመሪያ ከሥራ በኋላ ብሽሽት ላይ ይነዘንዛል። ቆይቶ ረጅም ጊዜ ተቀምጦ መነሣት ይከብዳል፤ ጫማ ማሰር፣ በቅሎ ላይ መውጣት ያስቸግራል። ኋላ እግሩ ወደ ውስጥ አልዞር ይላል፣ እንቅልፍም ይነሣል። የት እንደሚያመው ሲጠየቅ ብዙው ሰው ዳሌውን ከጎን በአውራ ጣቱና በሌሎቹ ጣቶቹ መሀል ጨብጦ ያሳያል።

ወጌሻ ለስብራትና ለወለምታ ስንቱን ጠግኗል፤ አከብራቸዋለሁ። ይህን ዳሌ ግን እያጠፉ መጠምዘዝ የተሰነጠቀውን ያባብሰዋል። ሕመሙ ሳምንታት ከዘለቀ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል መሄድ ይሻላል። በጊዜ ከተደረሰበት ጥልቅ እጥፋትን መቀነስና የዳሌን ጡንቻ በፊዚዮቴራፒ ማጠንከር ለብዙዎች ሕመሙን ያስታግሳል፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገውም አለ። ለእናቶቻችን በርጩማዋን ከፍ ባለ መቀመጫ ለውጡላቸው። ስለ ስግደቱ ደግሞ የንስሐ አባትን ማማከር ነው፤ ሕመምተኛ እንደ አቅሙ ነውና።