አዛን ሲሰማ የሚጠብቅ ጨዋታ

እኛ ባለንበት በሆሳዕና፣ እንዲሁም በዱራሜ፣ በሾኔና በሺንሺቾ ከተሞች «ጌም» የሚለው ቃል ሲነሣ በብዙ ወላጅ ልብ ውስጥ የሚመጣው ሥዕል አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም በጠባብ ክፍል ተደርድረው በፕሌይስቴሽን ኳስ የሚጫወቱ ልጆች፣ ወይም ስልክ ላይ አቀርቅረው ሲተኩሱ የሚውሉ ወጣቶች ናቸው። አንድ የተማሪ አባት «ኡስታዝ፣ ሐራም ነው ብለው ይንገሩልኝና ልገላገል» ብለውኛል። ፈትዋ የዑለማዎች ድርሻ ስለሆነ እርሱን ለባለቤቶቹ እተዋለሁ። እኔ ግን አንድ መምህር ተጫውቶ ያየውን፣ ክፍል ውስጥም የሞከረውን ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ጨዋታ ሁሉ አንድ አይደለምና።

በልጅነታችን ማታ ማታ «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብለን ጆሯችንን እንሰጥ ነበር። መልሱን ያጣ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ተቀብሎ ፍቺውን ይነግረዋል። ዛሬ የማወራላችሁ ጨዋታዎች የዚሁ የእንቆቅልሽ ዘመዶች ናቸው። ልዩነታቸው አገር ቢሰጣቸውም መልሱን አለመናገራቸው ነው፤ ተጫዋቹ ራሱ እስኪደርስበት ድረስ ዝም ብለው ይጠብቁታል። ሠሪዎቻቸውም አብዛኛውን ጊዜ ትልልቅ ኩባንያዎች ሳይሆኑ ጥቂት ሰዎች፣ አንዳንዴም አንድ ወጣት ብቻ ነው።

ለምሳሌ «2048» የተባለውን እንውሰድ። ጋብሪየሌ ቺሩሊ የተባለ የ19 ዓመት ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ2014 በአንድ ቅዳሜና እሁድ የሠራው ሲሆን፣ በነጻ ለሁሉም ለቆታል። ባለ 16 ቤት ሰሌዳ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ቁጥሮች ሲጋጠሙ አንድ ይሆናሉ፤ 2 እና 2 ተጋጥመው 4፣ 4 እና 4 ተጋጥመው 8 እያሉ ያድጋሉ። አሥራ አንድ ሁለቶች ሲባዙ 2048 ይመጣል፤ የጨዋታው ግብም ይኸው ነው። ቁጥር በራሱ እየተባዛ ሲሄድ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያድግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ደጋግሜ ጽፌ ፊታቸውን የሚያዞሩ ተማሪዎች፣ ይህንን ከተጫወቱ በኋላ 512ንና 1024ን እንደ ጎረቤት ስም ሲጠሯቸው ሰምቻለሁ።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስገረመኝ ነው። ፊንላንዳዊው አርቪ ተይካሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ይህ ጨዋታ «ባባ ኢዝ ዩ» ይባላል። በጨዋታው ውስጥ ሕጎቹ ራሳቸው በቃላት ተጽፈው እንደ ድንጋይ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። «ግድግዳ ማገጃ ነው» ተብሎ ከተጻፈ ግድግዳው አያሳልፍም። ተጫዋቹ አንዲቱን ቃል ገፍቶ ዓረፍተ ነገሩን ካፈረሰው ግን በግድግዳው መሐል ሰተት ብሎ ያልፋል። ይህን ሳይ ትዝ ያለኝ መድረሳ የተማርኩት ነሕው ነው። በዐረብኛ የአንድ ቃል መጨረሻ ላይ ያለች ሐረካ ስትለወጥ አድራጊው ተደራጊ ይሆናል። በአማርኛም ቢሆን «ውሻው ልጁን አባረረ» እና «ውሻውን ልጁ አባረረ» የሚለያዩት በአንዲት «ን» ቦታ ብቻ ነው። ሰዋስው ሲማር የሚያዛጋ ልጅ፣ አንዲት ቃል መንገድ ስትከፍትና ስትዘጋ ካየ በኋላ ለቃል ቦታ ክብር ይሰጣል። ለሁሉም የሚበቃ ኮምፒውተር ስለሌለን ከተማሪዎቼ ጋር ካርቶን ቆርጠን፣ ቃላቱን በማርከር ጽፈን፣ ጠረጴዛ ላይ ተጫውተነዋል። ምንም አልጎደለበትም።

ሦስተኛው ከአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ የተወለደ ነው። ኢራናዊው ማህዲ ባህራሚ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ የጂኦሜትሪ መምህሩ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ ሜዳ ላይ በሚንከባለል ኳስ ላይ አንዲት ነጥብ ብትኖር፣ ነጥቧ በምትሄድበት መንገድ ምን ዓይነት መሥመር ትሥላለች? ያ ጥያቄ በልጁ ልብ ውስጥ ቀርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 «ኤንጋሬ» የተባለ ጨዋታ ሆኖ ወጣ። ተጫዋቹ በሚንቀሳቀስ ቅርጽ ላይ ነጥቧን የት ቢያስቀምጣት የተፈለገው ሥዕል እንደሚወጣ ያሰላል። የሚወጡትም ሥዕሎች በመስጊድ ግድግዳዎችና ጉልላቶች ላይ የምናያቸው ዓይነት ኢስላማዊ ጌጦች ናቸው።

እኔም ጥያቄውን ወደ ክፍሌ ወሰድኩት። ተማሪዎቼ በባጃጅ ጎማ ጠርዝ ላይ የተደረገች የጠመኔ ነጥብ የምትሥለውን መሥመር አስቀድመው እንዲገምቱ አደረግሁ። አብዛኞቹ ክብ ሣሉ። ከዚያ በኋላ ጎማውን ቀስ እያልን ገፍተን ነጥቧን ብንከታተላት ግን፣ እየዘለለች መሬት የምትነካ፣ እንደ መስጊድ በረንዳ ቅስት ተከታትሎ የቆመ መሥመር ሆና አገኘናት። ውድ መምህራን ሆይ! አንድ ጥያቄ በአንድ ልጅ ልብ ውስጥ የት እንደሚደርስ አናውቅምና ጥያቄያችንን አንናቅ።

የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2014 በለንደን የተሠራው «ሞኑመንት ቫሊ» ነው። አይዳ የተባለች ዝምተኛ ልዕልት፣ ዓይን በሚያታልሉ ሕንፃዎች ላይ ትጓዛለች፤ ላይ ያለው ደረጃ ሲያዞሩት ታች ካለው ጋር ይገጥማል። የሕንፃዎቹ አሣሣል የተቀዳው ከሆላንዳዊው ሠዓሊ ኤሸር ነው። ኤሸር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1922 እና በ1936 በአንዳሉስ፣ በግራናዳ ከተማ የሚገኘውን የአልሐምራ ቤተ መንግሥት ጎብኝቶ፣ ሙስሊም ጠቢባን በግድግዳው ሸክላ ላይ ያኖሩትን እርስ በርሱ የሚገጣጠም ጌጥ በእጁ እየገለበጠ ያጠና ሰው ነበር። ሥራውንም ብዙ ለውጦታል። እንግዲህ የእኛው ቅርስ ስንት አገር ዞሮ በስልክ መስታወት ላይ እንደመጣ ተመልከቱ! ከሁሉ በላይ ግን ልቤን የነካው ታሪኩ ነው። ልዕልቲቱ የምትጓዘው ይቅርታ ፍለጋ ነው፤ የተሰረቀውን በየቦታው እየመለሰች ትሄዳለች። የሰው ሐቅ ያለበት ተውበት ሐቁን ሳይመልሱ እንደማይሞላ ቂርአት ላይ የተማረ ልጅ ይህን ሲያይ ነገሩ ይገባዋል። ሙዚቃውን የማይፈልግ ድምፁን ዘግቶ መጫወት ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። እነዚህ ጨዋታዎች ከሌሎቹ የሚለዩት በብልሃታቸው ብቻ አይደለም፤ ሰውን መልቀቅ በመቻላቸውም ጭምር ነው። «ሞኑመንት ቫሊ» 10 ምዕራፎች አሉት፤ ሲያልቅ አለቀ። የዐስር አዛን ሲሰማ ስልኩን የሚያስቀምጥ ልጅ፣ ሰግዶ ሲመለስ እንቆቅልሹን በተወበት ቦታ ያገኘዋል። ማንም አይቀጣውም፤ ምንም አይወሰድበትም። በኢንተርኔት ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ተቧድነው በሚጫወቱት በብዙዎቹ ጨዋታዎች ግን መሐል ላይ የወጣ ነጥብ ይቀነስበታል፣ ጓደኞቹም ይሰድቡታል። ስለዚህ ልጁ «እሺ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» እያለ ዐስርን ከመግሪብ ያጋጥመዋል። የእነዚያ ጨዋታዎች ባለቤቶች የሚያተርፉት ልጁ ባለማቆሙ ነውና።

ከዚህ የባሰም አለ። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪዬ፣ እናቱ ገበያ ውላ ለደብተርና ለመጽሐፍ የሰጠችውን ብር በጨዋታ ውስጥ «ሣጥን» መግዣ አድርጎት ተገኘ። ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ሳይከፈት አይታወቅም፤ ዕድል ነው። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያሉ በገንዘብ የሚገዙ የዕድል ሣጥኖች ከቁማር እንደሚቆጠሩ ወስኗል። እኛ ሙስሊሞች ግን ስለ ቁማር ከሱረቱል ማኢዳ 90ኛና 91ኛ አንቀጾች የተማርነው ከ1,400 ዓመታት በፊት ነው። አንቀጾቹ ቁማር በሰዎች መካከል ጠብን እንደሚዘራ፣ ከሶላትና ከአላህ (ሱ.ወ.) ማስታወስም እንደሚያዘናጋ ያስረዳሉ። ያ ልጅ ከእናቱ ጋር ለሳምንታት ዐይን ለዐይን ሳይተያዩ ቆይተዋል። ሣጥኑ የወሰደው ብሩን ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ ወላጆች ምን እናድርግ? ስልኩን ከመንጠቃችን በፊት ልጁ ጎን ቁጭ ብለን ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ይህ ጨዋታ መጨረሻ አለው? ሁለተኛ፣ በዕድል ስም ገንዘብ ይጠይቃል? ሦስተኛ፣ ልጁ ዛሬ ምን እንደደረሰበት ሊነግረን ይችላል? እንቆቅልሽ የፈታ ልጅ ዐይኑ እያበራ እጃችንን ይዞ «ና ላሳይህ» ይላል። እንዲሁ ሲቀጠቅጥ የዋለ ግን የሚነግረን የለውም። ይህ ሲባል ጥሩው ጨዋታም ቢሆን ያለ ልክ ይሁን ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ከሚከስርባቸው ጸጋዎች ሁለቱ ጤናና ትርፍ ጊዜ መሆናቸውን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናልና፣ ለሁሉም ሰዓት ይኑረው።

ስልክና ኮምፒውተር የሌለው ቤትም አይጨነቅ። መሬት ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ በጠጠር የሚጫወቱት ገበጣ ቆጥሮ፣ አስልቶ፣ የባላጋራን ሐሳብ ቀድሞ ማየትን ያስተምራል። አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ ይህንኑ ገበጣ ወደ ስልክ አምጥቶታል። ታዲያ የሆሳዕናና የዱራሜ ወጣቶች ነገ የራሳቸውን የማይሠሩበት ምን ምክንያት አለ? ያ ጣሊያናዊ የፈጀበት የአንድ ሳምንት መጨረሻ ቀናት ነው፤ ያ ኢራናዊ መነሻ የሆነው የአንድ መምህር ጥያቄ ነው። ጥያቄ ደግሞ በእያንዳንዱ ቤት በነጻ ይገኛል።

አላህ (ሱ.ወ.) ጊዜያችንንና ልጆቻችንን ይባርክልን። ወላሁ አዕለም።