የበኩር ልጆች ጦር

ባለፈው እሑድ ቀይ ካፖርት የለበሱ ትንንሽ ወታደሮች ፎቶ ለጥፌ ከሥሩ የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩ። "ቲቸር፣ በዚህ ዕድሜ አሻንጉሊት?" ያላችሁኝ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ስማችሁን ይዣለሁ። አንዷ ግን የምር ጠየቀችኝ፦ "ከዚያ ሁሉ ጦር ለምን እነዚህን መረጡ?" መልሱ በአንድ መስመር አላልቅ ብሎኝ ነው ይሄን የምጽፈው። ቡና ያላችሁ ቡናችሁን ያዙ።

ጨዋታው ዋርሃመር 40,000 ይባላል። እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃም ያለው ጌምስ ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ነው። ወታደሮቹ ተበታትነው በፕላስቲክ ፍሬም ላይ ተያይዘው ይመጣሉ፤ እጁን ከትከሻው፣ ጭንቅላቱን ከአንገቱ እያጣበቃችሁ፣ በቀጭን ብሩሽ እየቀባችሁ ጦር ትሠራላችሁ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አሰልፋችሁ በመለኪያና በዳይስ ትዋጋላችሁ። እኔ የገባሁት በሹፌርነት ነው። የአሥራ አምስት ዓመቱን ልጄን ቅዳሜ ቅዳሜ ክለብ አደርሰውና ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬን እነካካለሁ። አንድ ቀን ሁለት ጎረምሶች አንገታቸው ሥር ደም ሥሩ እስኪገተር ይከራከራሉ። አንደኛው "እሱ በዚያ ጦርነት ጊዜ ገና ከእንቅልፉ አልነቃም!" ይላል። የዘመን ስህተት ነው የሚከራከሩት! የታሪክ አስተማሪን እንዲህ ነው የሚያጠምዱት። ሴባስቶፖልን አድዋ ላይ ያስተኮሰው ተማሪዬ ራሱን ያውቃል፤ ሦስት ማርክ ቀንሼበታለሁ፣ ዛሬም እቀንስበታለሁ።

የጨዋታው ዓለም ታሪክ "ሎር" ይባላል። ዘመኑ ዐርባ ሺህ ዓመት ገደማ ወደፊት ነው። የሰው ልጅ አንድ ሚሊዮን ዓለማትን የያዘ ግዛት አለው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከዐሥር ሺህ ዓመት በላይ በወርቅ ዙፋን ላይ፣ ሞተም እንዳይባል ኖረም እንዳይባል ሆኖ ተቀምጧል። ጦር የሚመርጡት ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የሚያሸንፈውን ይመርጣል። ሁለተኛው ሎሩ የሚፈቅደውን። ልጄ ሁለተኛው ነው፣ ያውም ምሕረት የሌለው።

በጣም የሚሸጡት ስፔስ ማሪን የሚባሉት ግዙፎች ናቸው። ሎሩን ካያችሁት ግን ቁጥራቸው ያስገርማል። ከትልቁ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ማንም አዛዥ ዳግመኛ ብዙ ጦር ይዞ እንዳያምፅ ተብሎ በአንድ ሺህ በአንድ ሺህ ተከፋፈሉ። እንዲህ ያለው ክፍል ወደ አንድ ሺህ ገደማ አለ። በአንድ ዓለም አንድ ሰው ማለት ነው። ታዲያ ክለባችን ውስጥ በየጠረጴዛው ታላላቆቹ ጀግኖች፣ እነ ጊሊማን ሳይቀሩ፣ ለአንድ የፈረሰ መጋዘን ሲዋደቁ ታያላችሁ። ልጄ ይሄን ሲያይ እኔ የተማሪ ፈተና ሳርም የማደርገውን ፊት ያደርጋል።

ቀሪውን የሚዋጋው ማነው? ተራው ሰው ነው። ኢምፔሪያል ጋርድ ይባላል። እያንዳንዱ ዓለም እንደ ግብር ወታደር ያዋጣል፤ ሬጅመንቱ በመርከብ ይጫናል፣ ከሄደ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። መሣሪያው ላስጋን ነው። የእሱን ነገር በቁጥር ልንገራችሁ። አንድ ተኩስ ስፔስ ማሪን ላይ የመድረስ ዕድሉ ግማሽ ነው፤ ከደረሰው የሚያቆስለው ሲሶው፣ ካቆሰለው ደግሞ ጥሩሩን አልፎ የሚገባው ሲሶው። ከ18 ተኩስ አንዱ ማለት ነው። አንዱ ማሪን ደግሞ ሁለቴ ካልተመታ አይወድቅም፣ ስለዚህ በአማካይ 36 ተኩስ። ይሄን ወረቀት ላይ ሳሰላ "እነዚህን ነው የምፈልገው" አልኩ። ልጄ "አባዬ፣ ትሸነፋለህ" አለኝ። ልክ ነበር፤ እስካሁን አንዴ ነው ያሸነፍኩት፣ እሱንም ተጋጣሚዬ ቶሎ ቤት መሄድ ነበረበት።

ከየትኛው ዓለም ይሁኑ? ልጄ ክሪግን አቀረበልኝ፣ ጋዝ መከላከያ ጭምብል የሚያጠልቁትን። አያቶቻቸው ስላመፁ እነሱ በሞታቸው ይክሳሉ፤ ሞትን አይፈሩም። ያምራሉ፣ አልዋሽም። ግን ሞት የማይፈራ ወታደር አላውቅም፣ ማውቀውን ነው መሥራት የፈለግኩት። ካዲያኖቹን ሁሉም ሰው ይዟቸዋል። ከዚያ ቮስትሮያ የሚል ገጽ ከፈተልኝ።

ቮስትሮያ ብርዳም የፋብሪካ ዓለም ናት። በዚያ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ "ሠራተኞቻችን ለፋብሪካው ያስፈልጉናል" ብላ ወታደር አልልክም አለች። ጦርነቱ ሲያልቅ ንስሐ ገባች። ንስሐውም ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ቤተሰብ የበኩር ልጁን ለጦር ይሰጣል የሚል ነው። ለዘላለም። ጠመንጃው ከአባት ለልጅ ይወርዳል፣ ካፖርቱ ቀይ ነው፣ ቆባቸው ረጅም ጠጉራም።

የኛ ቤት በኩር ጋሼ ነው። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ እሱ አሥራ ስምንት ዓመቱ፣ እኔ ዘጠኝ። አዋጁ ስድስት ወር ሥልጠና፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት ይላል። ጋሼ በ1977 ሄዶ በ1983 በእግሩ መጣ። እናቴ በር ላይ የቆመውን ሰው "ማንን ፈልገህ ነው?" ብላዋለች። ከዚያ በኋላ ስለ ሰሜን ግንባር አንድም ቀን አላወራም። እኛም አልጠየቅንም። ሠላሳ ዓመት ሌላ ሰው ያሳለፈውን ጦርነት ሳስተምር ኖሬ ማዕድ የምቀርበውን ሰው አልጠየቅኩም፤ ይሄን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ቮስትሮያ ሆነ። ዋናዎቹ ምስሎች የብረት ነበሩ፣ ከተቋረጡ ቆይተዋል፣ ያገለገሉት ዋጋቸው አይቀመስም። ተራ የፕላስቲክ ወታደር ገዝተን ጠጉራም ቆብ ያለው ጭንቅላት ከሌላ ቦታ አስመጣን። ታንኩን ከእግረኛው ጋር በአንድ ዓይነት ምልክት ስቀባ ልጄ እጄን ያዘኝ። ለካ በሎሩ የእግረኛ ሬጅመንት የራሱ ታንክ የለውም፤ ታንኩ ከሌላ ሬጅመንት የሚመደብ ነው፣ ያው አንዱ አዛዥ ሁሉንም ይዞ እንዳያምፅ። ግማሽ ቀን የቀባሁትን አጥፍቼ እንደገና ቀባሁ።

ችግር የመጣው ኮሚሳሩ ላይ ነው። ጥቁር ካፖርት፣ ቀይ መቀነት፣ ባለ ጥላ ቆብ። ለግዛቱ ሲያገለግሉ የሞቱ ሰዎች የተዉአቸው ወላጅ አልባ ልጆች ተሰብስበው ከሚያድጉበት ትምህርት ቤት የሚወጣ ነው፤ ከሬጅመንቱ አይደለም። የሚያፈገፍግ ካየ፣ መኮንንም ቢሆን፣ ይረሽናል። በቀደሙት የጨዋታው እትሞች ወታደሮቹ ሊሸሹ ሲሉ ኮሚሳሩ አንዱን ይገድልና የቀሩት ይጸናሉ። ክለቡ ውስጥ ይሄ ሲሆን ሁሉም ይስቃል። እኔ ግን የደርግ ጦር ባለ ሦስት ማዕዘን አመራር ነበር ብዬ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አዛዡ፣ የፖለቲካ ኮሚሳሩና የደኅንነት መኮንኑ። የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩትን ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔን በ1980 ዓ.ም. የገደላቸው ጠላት አልነበረም፤ የራሳቸው መንግሥት ነው። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አፋቤት ተያዘች።

"አልሠራውም" አልኩ። ልጄ "ያለ ኮሚሳር ሎሩን አልጠበቀም" አለ። ተጨቃጨቅን። አንተ ታሪክ አስተማሪ አይደለህም ወይ፣ የማትወደውን ታወጣለህ ወይ አለኝ፤ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ሲናደድ አማርኛው ይጠፋበታል። መልስ አልነበረኝም። ሠራሁት። ሰይፉን ወደ ላይ አንስቶ ፊት ለፊት እንዲቆም አደረግኩት።

ሲያልቅ ፎቶውን ለጋሼ በቴሌግራም ላክሁለት። ምን እንደሆነ አልነገርኩትም፣ "የልጁ መጫወቻ ነው" ብቻ አልኩ። ሁለት ቀን ዝም አለ። ላኩልኝ እያለ የሚያስቸግር ሰው እንዲህ ዝም ሲል ፈራሁ፤ ምነው ባልላክሁ አልኩ። በሦስተኛው ቀን የድምፅ መልእክት መጣ።

"ይሄ ባለ ቆቡ ካድሬው ነው አይደል? ፊት ምን ይሠራል? ከኋላ ነው የሚቆመው፣ ወደ ኋላ መልሰው።" ትንሽ ዝምታ። "ኮዳቸውስ የታለ? እነዚህ ልጆች ውሃ አይጠጡም?"

ከዚያ ስለ ውሃ አወራ። ስለ ውሃ ብቻ፣ አሥራ አራት ደቂቃ። ኮዳ ሲንቀሳቀስ ድምፅ እንዳያሰማ በጨርቅ እንዴት እንደሚጠቀለል። አንድ ኮዳ ለስንት ሰው። የሞተ ሰው ኮዳ መውሰድ መጀመሪያ እንዴት እንደሚከብድ፣ በኋላ እንደማይከብድ። አንድ የወለጋ ልጅ ስም ጠራ፣ ደግሞ ጠራው፣ ከዚያ "በል ደህና እደር" ብሎ ዘጋው።

ኮሚሳሩን ከመቆሚያው ነቅዬ ከኋላ ተክዬዋለሁ። ኮዳውን ከሚጠነክር ሊጥ እያድቦለቦልን እኔና ልጄ እንሠራለን፤ ጨርቅ እንዲመስል በመርፌ እንጭረዋለን። የቮስትሮያ ሎር ስለ ኮዳ ምንም አይልም፣ ልጄ ግን አልተከራከረም። መጠኑ ስንት ይሁን ብሎ ሲጨቀጭቀኝ "ራሱን ጠይቀው" አልኩት። አሁን ሳሎን ሆኖ በተሰባበረ አማርኛ እየጠየቀው ነው፣ ከወዲያ የጋሼ ሳቅ ይሰማኛል።

41 ኮዳ ይቀረናል።