ሬት የተባለው ሕመምና ልጃችን

የልጅ ሕመም ለወላጅ ሁልጊዜ ከባድ ነው፤ ስሙ ያልታወቀ ሕመም ግን ከሁሉ ይከብዳል። ስም ለሌለው ነገር ሁሉም የየራሱን ስም ያወጣለታልና። የልጃችን ሕመም ምንነቱ ከመታወቁ በፊት አንዱ ቡዳ በላት ይል ነበር፤ ሌላው በእናቷ ወገን ያለ እርግማን ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት የማይገባ ነገር በልታ ይሆናል ይል ነበር። ይህን ሁሉ ወቀሳ የምትሸከመውም እናት ነበረች።

ልጃችን ስትወለድ ጤነኛ ነበረች። በጊዜዋ ተቀመጠች፤ በጊዜዋም «እማ» «አባ» ማለት ጀመረች። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ግን የለመደቻቸውን ቃላት አንድ በአንድ ተወች፤ ዳቦ ትይዝባቸው የነበሩትንም እጆቿን ልብስ እንደሚያጥብ ሰው ያለማቋረጥ ታሽ ጀመር። ደሟ ተመርምሮ ሕመሙ ሬት መባሉ ሲነገረን በአገራችን የታወቀው መራራ ተክል ትዝ አለን፤ ነገር ግን ስሙ የተገኘው ከአንድ ሐኪም ነው።

ዶክተር አንድሬያስ ሬት በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. ሁለት ልጃገረዶች በተራ መጠበቂያው ክፍል በየእናቶቻቸው ጭን ላይ ተቀምጠው እጆቻቸውን በአንድ ዓይነት መንገድ ሲያሹ አዩ። ነገሩንም መርምረው በ1966 ጻፉ። ዳሩ ግን ሕመሙ በዓለም ሐኪሞች ዘንድ በሰፊው የታወቀው፣ የስዊድኑ ሐኪም ቤንግት ሃግበርግና ባልደረቦቻቸው በ1983 በእንግሊዝኛ ከጻፉ በኋላ ነው። መንስኤውን ደግሞ በቤይሩት ተወልደው በአሜሪካ የሚሠሩት ዶክተር ሁዳ ዞግቢ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1999 አገኙት።

መንስኤውም ይህ ነው። ሰውነታችን የሚሠራው ጂን በሚባሉ የዘር ትእዛዞች ነው። ከነዚህ አንዱ በአንጎል ውስጥ የሌሎቹን ጂኖች ሥራ የሚቆጣጠር ስለ ሆነ፣ በመሥሪያ ቤት አለቃ ሊመሰል ይችላል። አለቃው ሲጎድል ሠራተኞቹ በየወንበራቸው አሉ፤ ሥራው ግን ይተራመሳል። የአንጎል ሕዋሶችም እንዲሁ በሚገባ መሥራት ይሳናቸዋል እንጂ አይሞቱም። ሕመሙ ከ10,000 ሴቶች ልጆች በግምት አንዲቱን ያገኛል።

ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ግን የሚከተለው ነው። ጉድለቱ ከወላጅ የሚወረሰው እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ረጅም መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ አንዲት ፊደል እንደሚስት ሁሉ፣ ይህም የዘር መልእክቱ በሚገለበጥበት ጊዜ በአጋጣሚ ይደርሳል። እናት የበላችው፣ ያየችው ወይም ያሰበችው ነገር አያመጣውም። ይህን በሰማን ጊዜ ልጃችን አልዳነችም፤ በቤታችን ግን በደለኛ የሚባል ሰው ቀረ።

ሕመሙን ፈጽሞ የሚፈውስ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሆኖም በ2007 በኤዲንብራ ፕሮፌሰር ኤድሪያን በርድና ባልደረቦቻቸው፣ በአይጦች ላይ ጂኑ እንደገና እንዲሠራ ሲደረግ ሕመሙ ወደ ኋላ እንደሚመለስ አሳዩ። በ2023ም ትሮፊኔታይድ የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ፤ እርሱም ምልክቶቹን በመጠኑ የሚያቃልል እንጂ የሚያድን አይደለም።

እስከዚያው ድረስ ያለን መድኃኒት ማስተዋል ነው። እንደ ልጃችን ያሉ ልጆች አንደበታቸው ቢዘጋም በዓይናቸው ይናገራሉ። ኩባያና ዳቦ አስተካክለን ስናሳያት የፈለገችውን ትኩር ብላ ታያለች፤ መልሷ ስለሚዘገይ ግን መታገሥ ያስፈልጋል። ቸኩሎ የተጠየቀች እንደ ሆነ፣ ጠያቂው ምንም አልሰማችም ብሎ ይሄዳል።

ስለዚህ፣ አንባብያን ሆይ፣ እንዲህ ያለች ልጅ ወዳለችበት ቤት ስትገቡ እናቲቱን «ምን አድርገሽ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ልጅቱን በስሟ ጠርታችሁ ሰላምታ ስጧት፤ መልሷንም ከዓይኗ ጠብቁ።